የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በር አልከፈት ሲል፦ እጀታውን ከመጎተታችሁ በፊት

ልብሱ ታጥቧል፣ ማሽኑም ጸጥ ብሏል። እጀታውን ሳብ ስታደርጉት ግን በሩ ንቅንቅ አይልም። ደግማችሁ ትስባላችሁ። አሁንም እምቢ። እዚህች ጋ አንዴ ቆም በሉልኝ፤ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሰው ይናደዳል፣ ይጎትታል፣ ካቻቪቴ ያመጣል፣ ከዚያ ምንም ያልሆነው በር እጀታው ተሰብሮ ወይም ጠርዙ ተሰንጥቆ ይገኛል።

እኔም ደርሶብኛል። ማሽኑ ውሃ ይዞ ቆሞ ነበር። በመስታወቱ አሻግሬ እንኳን ሳላይ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። ቀጭ አለ። ተከፈተ ብዬ ደስ ሲለኝ እጀታው እጄ ላይ ቀረ። በኋላ ፓምፑ ሲታይ የተገኘው አንዲት የፀጉር ማስያዣ ሽቦ ናት። እሷ ፓምፑን ይዛዋለች፣ ውሃው አልወጣም፣ ውሃው ስላልወጣ ደግሞ ማሽኑ በሩን አልለቀቀም። ሥራው በሙሉ የሩብ ሰዓት ነበር።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይቺን ያዙልኝ። በሩ አልከፈት ሲል ብዙ ጊዜ የተበላሸው በሩ አይደለም። ማሽኑ ውስጤ ውሃ አለ፣ ወይም ገና ትኩስ ነኝ፣ ወይም ገና እየዞርኩ ነው ብሎ ስላሰበ ነው የያዘው። መጀመሪያ ምን አስቦ እንደዘጋ እንወቅ፣ መፍትሔው ከዚያ ይመጣል።

መቆለፊያው ውስጥ ምን አለ?

ይሄን ክፍል አትዝለሉት፤ አጭር ነው፣ ደግሞ ከታች የምላችሁ ነገር ሁሉ የሚገባችሁ በሱ ነው።

ከፊት የሚከፈቱ ብዙ ማሽኖች መቆለፊያቸው በሙቀት ነው የሚሠራው። ፕሮግራሙን ስታስጀምሩ ኤሌክትሪክ መቆለፊያው ውስጥ ወዳለች ትንሽ ማሞቂያ ይሄዳል። እሷም አንድ ስስ ዝርግ ብረት ታሞቃለች። ዝርጉ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ይጎብጣል። ሲጎብጥ ደግሞ አንዲት ፒን ይገፋል፣ ፒኗም የበሩ መንጠቆ እንዳይንቀሳቀስ ታደርገዋለች። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ዝርጉ ቀዝቅዞ እስኪቃና አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ አልቆ በሩ ወዲያው የማይከፈተው ለዚህ ነው።

ሌላው ዓይነት በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራው ነው። እሱ መሞቅና መቀዝቀዝ የለበትም። ቦርዱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ክፈት የሚል ምልክት ሲልክለት ቀጭ ብሎ ይለቃል፣ ምልክቱ ካልደረሰው ግን መብራት ቢጠፋም እንደተቆለፈ ሊቆይ ይችላል። አንዱ ሰው ሶኬቱን ነቅዬ ስጠብቅ ተከፈተልኝ ሲል ሌላው እኔ ጋ ምንም አላለም የሚለው በዚህ ልዩነት ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ፦ ጠብቁ፣ እዩ፣ አዳምጡ

ሰዓት ይዛችሁ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። በግምት ሳይሆን በሰዓት፤ ለቸኮለ ሰው አርባ ሰከንድም ሦስት ደቂቃ ይመስለዋል።

እየጠበቃችሁ በስልካችሁ መብራት በመስታወቱ ውስጥ ተመልከቱ። ውሃ ተኝቶ ይታያል? ልብሱ ተጨምቆ ከከበሮው ጎን ተጣብቋል ወይስ ውሃ ጠጥቶ ታች ወርዷል? ከታች የተከመረና ከባድ የሚመስል ልብስ አልተጨመቀም ማለት ነው፤ ያልተጨመቀ ልብስ ካለ ደግሞ ውሃ መኖሩን ጠርጥሩ። ከመስታወቱ በታች ያለ ውሃ ከውጭ ላይታይ ስለሚችል ምንም አይታየኝም ብላችሁ አትደምድሙ።

ከዚያ መስታወቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ሞቅ ካለ በ60 ወይም በ90 ዲግሪ እያጠበ መሃል ላይ ቆሞ ይሆናል። ማሽኖች ውሃው ትኩስ ሆኖ ሳለ በሩን የማይለቁት ለናንተው ብለው ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል። እንዲህ ከሆነ ምንም ነገር አትንኩ፣ ልጆችን ከአካባቢው አርቁ፣ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ ይውሰድ።

ስክሪኑ ላይ የሚታየውንም አንብቡ። የስህተት ኮዱ በየማሽኑ ይለያያል። ለምሳሌ ኤልጂ ላይ «ኦኢ» የሚለው ውሃው አልወጣም ማለት ነው፣ «ዲኢ» የበር ነገር ነው፣ «ሲኤል» ደግሞ የልጆች መከላከያው በርቷል ማለት ነው። የሌላ ማሽን ከሆነ የራሱን መመሪያ ደብተር ገልጣችሁ ተመልከቱ። ደብተሩ ከጠፋ የሞዴል ቁጥሩን በኢንተርኔት ስትፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ የተለጠፈው በጀርባው ወይም በበሩ ዙሪያ ነው፤ በሩ ካልተከፈተ ጀርባውን እዩ።

የልጆች መከላከያው ከበራ የቁልፍ ወይም የልጅ ፊት ምልክት ያለበትን በተን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት። ይጠፋል። ስንት ሰው በዚህች ብቻ ባለሙያ ጠርቷል መሰላችሁ።

አንድ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ልብሱ እንዳይጨማደድ ብሎ ከመጨረሻው መለቅለቅ በኋላ ውሃ ይዞ ይቆማል። አልተበላሸም፣ እናንተን እየጠበቀ ነው። ውሃ ማስወጫውን ወይም ስፒን (መጭመቂያ) የሚለውን መርጣችሁ ስታስጀምሩት ውሃውን ይደፋል፣ በሩንም ይለቃል።

ቀጥሎ፦ ማጥፋትና እንደገና ማስነሳት

ማሽኑን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። እጃችሁ ደረቅ ይሁን፣ ወለሉም ውሃ አይኑርበት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት። በሙቀት የሚሠራው መቆለፊያ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀዝቅዞ ይለቃል።

ካልለቀቀ መልሳችሁ ሰኩትና ስፒን ወይም ውሃ ማስወጫ ብቻ መርጣችሁ አስጀምሩት፣ እስኪጨርስም ጠብቁ። መሃል ላይ እንዳታቋርጡት። በማግኔት የሚሠራው ክፈት የሚለውን ምልክት የሚያገኘው ፕሮግራሙ በደንብ ሲያልቅ ነው። መብራት ጠፍቶ የመጣበት ማሽን ብዙውን ጊዜ በዚህ ይስተካከላል።

ሊከፍት ሲል ደግሞ በሩን በእጀታው በኩል በመዳፋችሁ ወይም በጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ጫን አድርጉት፣ እንደጫናችሁም እጀታውን ሳቡ። ልብስ በዝቶበት ከውስጥ በሩን ከገፋው፣ ወይም የካልሲ ጫፍ በጎማውና በበሩ መሃል ከገባ፣ መንጠቆው ተወጥሮ ፒኗ መመለስ ያቅታታል። ጫን ስትሉት ውጥረቱ ይላላል። ጫን ማለት ግን መምታት አይደለም፤ መስታወት ነው።

ውሃው አለ እንበል

አብዛኛው ችግር እዚህ ነው ያለው፣ እኔም እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

መጀመሪያ ፓምፑን አዳምጡት። ውሃ ማስወጫውን ስታስጀምሩ ከማሽኑ ታች በኩል ድምፅ ይሰማል። እምምም እያለ ውሃ ካልወጣ ፓምፑ መብራት አግኝቷል ግን የሆነ ነገር ይዞታል፣ ወይም መንገዱ ተዘግቷል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፓምፑ ራሱ ሞቶ ወይም መብራት ሳይደርሰው ቀርቶ ይሆናል።

ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣውን የቆሻሻ ውሃ ቱቦም እዩት። ማሽኑ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ቱቦው ታጥፎ ከሆነ ማቃናት ብቻ ይበቃል። ቱቦው ደህና ከሆነ ወደ ፊልተሩ እንሂድ።

ሶኬቱን ንቀሉ። ውሃ የሚያስገባውን ቧንቧ ዝጉ። ውሃው ትኩስ ከሆነ መጠበቅ አለባችሁ፣ ይሄን ደጋግሜ የምለው ሰው ሲቃጠል ስላየሁ ነው።

ከማሽኑ ፊት ለፊት ታች፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ ጥግ፣ ትንሽ ክዳን አለች። በጥፍር ወይም በሳንቲም ትከፈታለች። ከውስጥ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ቡሽ ታያላችሁ፣ ፊልተሩ እሱ ነው። አጠገቡ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን የጎማ ቱቦ ካለ ዕድለኞች ናችሁ። ቱቦውን ስባችሁ ጫፉን ዝርግ ዕቃ ውስጥ አድርጉና መድፈኛውን ንቀሉት፣ ውሃው በሥርዓት ይወርዳል። ዕቃው ሲሞላ ድፈኑት፣ ድፉት፣ መልሱት። ከ10 ሊትር በላይ ሊወጣ ስለሚችል ምልልሱ ይበዛል፣ አይሰልቻችሁ።

ቀጭን ቱቦ ከሌለው ሌላ ዘዴ አለ። ከጀርባ ያለውን ትልቁን የቆሻሻ ውሃ ቱቦ ከተሰቀለበት አውርዱትና ጫፉን ወለል ላይ ባለ ሳፋ ወይም የወለል ማፍሰሻ ላይ አድርጉት። ቱቦው ከከበሮው በታች ሲወርድ ብዙው ውሃ በራሱ ይፈሳል። አንዳንዱ ማሽን ቱቦውን ከጀርባው ከፍ አድርጎ በመያዣ ይይዘዋል፤ ከመያዣውም አላቅቁት፣ ካልሆነ አይወርድም። ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው መልሱት። አብዛኞቹ ማሽኖች የቱቦው ጫፍ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ።

ሁለቱም ካልሆነ ፊልተሩን ራሱን መክፈት ነው። ፎጣ አንጥፉ፣ ከሥሩ ዝርግ ትሪ አስገቡ። ቡሹን ወደ ግራ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ሩብ ዙር ብቻ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ትንሽ ስትጨምሩ እንደ ክር ይወርዳል። እዚያ ላይ ያዙት። ትሪው ሲሞላ መልሳችሁ አጥብቁ፣ ድፉ፣ እንደገና አላሉት። አንዴ ሙሉ በሙሉ ከፈታችሁት ግን ውሃው በኃይል ስለሚመጣ መልሶ መግጠም ያስቸግራል።

ውሃው ሲያልቅ ፊልተሩን አውጡት። የተጣበቀበት ነገር ደስ አይልም፦ ግራጫ የጨርቅ ብናኝ፣ ፀጉር፣ ያልሟሟ ሳሙና፣ ሁሉም አንድ ላይ እንደ ጭቃ ሆኖ ይሸታል። መሃሉ ላይ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የጡት መያዣ ሽቦ፣ የሕፃን ካልሲ ይገኛል። በሞቀ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት።

አሁን ስልካችሁን አብርታችሁ ፊልተሩ የወጣበትን ቀዳዳ ተመልከቱ። ከጀርባ ትንሽ የፕላስቲክ ክንፍ አለች፤ ውሃውን የምትገፋው እሷ ናት። በእንጨት ማንኪያ ጫፍ አዙሯት። ጨርሶ ለስላሳ አትሆንም፤ ከጀርባዋ ማግኔት ስላለ ቆም፣ ዘለል፣ ቆም፣ ዘለል እያለች ትዞራለች፣ ይሄ ጤነኛ ነው። ጭራሽ ካልዞረች የተጠመጠመባት ክር ወይም ፀጉር አለ፣ በወረንጦ ልቀሙት። የኔዋ የፀጉር ማስያዣ የተቀመጠችው እዚህ ነበር፤ ፊልተሩን አልፋ ክንፏ ጀርባ ገብታ።

ፊልተሩ እምቢ ብሎ ካልዞረ በኃይል አታጥምዙት። የሆነ ነገር ከውስጥ ይዞታል። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያላችሁ አመላልሱት።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ጥርሱ በትክክል መያዙን አረጋግጡና በእጅ ጥብቅ አድርጉት። ከዚያ ሶኬቱን ሰክታችሁ ስፒን አስጀምሩ። ከጨረሰ በኋላ ሁለት፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ በሩን ሞክሩት። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ትጨርሳላችሁ።

ውሃ የለም፣ አልሞቀም፣ በሩ ግን እምቢ አለ

ውሃው መውጣቱን እርግጠኛ ሳትሆኑ ወደዚህ አትለፉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሩን አስገድዶ መክፈት ስለሆነ ውሃ ካለ ቤቱ ነው የሚጥለቀለቀው። ሶኬቱም ተነቅሎ ነው የሚሠራው።

ፊልተሩ ባለበት ክዳን ውስጥ እንደገና ተመልከቱ። ብዙ ማሽኖች እዚያ አንዲት የፕላስቲክ መሳቢያ፣ ማለትም በጣት የምትጎተት ትንሽ ማንጠልጠያ አላቸው፣ አንዳንዴ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቀለም ያላት። ለእንደዚህ ዓይነት ቀን ተብላ የተሠራች ናት። በአንድ እጅ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቧት፣ በሌላው እጅ በሩን ክፈቱ። ስስ ስለሆነች በኃይል ከሳባችኋት ትበጠሳለች።

መሳቢያ ከሌለውና እጀታው ላልቶ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ፣ ማለትም ስትስቡት ምንም የማይዝ ከሆነ፣ የተሰበረው እጀታው ነው፤ መቆለፊያው ለቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ክር ጥሩ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም ሌላ ቀጭንና ጠንካራ ገመድ አንድ ሜትር ያህል ውሰዱ። በእጀታው በኩል፣ በበሩና በማሽኑ መሃል ባለው ክፍተት አስገቡት፤ አንዱ ጫፍ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይውጣ። በቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ ስታደርጉት መንጠቆው ዘንድ ይደርሳል። ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ወደ ማጠፊያው አቅጣጫ ሳቡ። ክሩ መንጠቆውን ይገፋውና በሩ ጠቅ ብሎ ይላቀቃል። አንዴ ካልሆነ ክሩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። መቆለፊያው ራሱ እንደያዘ ከሆነ ግን ክሩ አይሠራም፣ ስለዚህ ሦስቴ ሞክራችሁ ተዉት።

የመጨረሻው መንገድ ከላይ ነው። የማሽኑ የላይኛው ክዳን ከጀርባው በኩል ብዙ ጊዜ በሁለት ብሎን ነው የሚያዘው። ብሎኖቹን ፈታችሁ ክዳኑን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ አንሱት። አንድ ሰው ማሽኑን ትንሽ ወደ ኋላ ያጋድለው፣ ሌላው በፊተኛው ሳህንና በከበሮው መሃል እጁን ወደ ታች ያስገባ። መቆለፊያው ከበሩ መንጠቆ ትይዩ ተገጥሟል። ከጀርባው የምትንቀሳቀሰዋን ምላስ በጣት ወይም በረጅም ካቻቪቴ ስትገፏት ትለቃለች። የቆርቆሮው ጠርዝ ስለት ስለሆነ ጓንት አድርጉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ይሄን ባትሞክሩት እመርጣለሁ፤ ማሽን ከባድ ነው፣ ሲያጋድል የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ከላይ የሚከፈት ማሽን ላላችሁ ነገሩ ይቀላል። ክዳኑ የሚቆለፈው በዋናነት ከበሮው እየዞረ እጅ እንዳይገባ ነው። መዞሩን አቁሞም ካልለቀቀ ነቅላችሁ ጠብቁ፣ ሰክታችሁ ስፒን አስጨርሱት። ያም ካልሠራ ጥርጣሬው መቆለፊያው ላይ ነው።

ከተከፈተ በኋላ

እፎይ ብላችሁ ሌላ ልብስ እንዳትከቱ። ምክንያቱ ካልታወቀ ነገም ያው ነው።

ውሃው ሁሌ በደንብ እየወጣ በሩን የሚይዝ ከሆነ የውሃ መጠን የሚለካውን ክፍል ጠርጥሩ። ከከበሮው ታች ተነስታ ወደ ላይ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ውሃ ሲገባ በውስጧ ያለው አየር ይጨመቃል፣ ማሽኑም በዚያ ግፊት ውሃው ስንት እንደሆነ ያውቃል። የሳሙና ጭቃ ከደፈናት አየሩ እንደታፈነ ይቀራል፤ ማሽኑም ባዶ ሆኖ ሳለ ውሃ አለብኝ ይላል። ከላይ ካለው መለኪያ ላይ ነቅላችሁ በአፍ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉባት፣ ወደ ከበሮው አቅጣጫ። መለኪያው ውስጥ ግን እፍ አትበሉ፣ ይጎዳል። ሳሙና ማብዛትም እንዲሁ ያታልለዋል፤ አረፋው ፓምፑን ያደክማል።

በሩ ሁልጊዜ ሲዘገይ ከቆየ፣ ወይም ፕሮግራሙ አልጀምር እያለ ከቆየ፣ መቆለፊያው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። መቀየሩ ከባድ አይደለም። ሶኬቱን ንቀሉ፣ የበሩን ጎማ ከፊት የያዘውን የሽቦ ቀለበት ሞላው ባለበት በኩል በካቻቪቴ አንሱት፣ ጎማውን በመቆለፊያው በኩል ገለጥ አድርጉ። መቆለፊያውን ከፊት የያዙትን ሁለት ወይም ሦስት ብሎን ፍቱና ከጀርባ እጃችሁን አስገብታችሁ አውጡት። ሽቦውን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። አዲሱን ስትገዙ የማሽኑን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ በመልክ አንድ የሆኑ መቆለፊያዎች በሽቦ አገጣጠማቸው ይለያያሉ።

የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ ማሽኑ ሲሰካ ቆጣሪው የሚጥል ከሆነ፣ ወይም መቆለፊያ ተቀይሮም ያው ከሆነ ነገሩ ወደ ቦርዱ ወይም ወደ ሌላ የኤሌክትሪክ ክፍል ሄዷል። እዚህ ላይ ባለሙያ ጥሩ፣ ያያችሁትንም በቅደም ተከተል ንገሩት፤ ምን ድምፅ እንደሰማችሁ፣ ኮዱ ምን እንደነበር፣ ውሃ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ።

መቆለፊያውን ራሳችሁ ከቀየራችሁ ልብስ ሳትከቱ አጭር መለቅለቂያ አስጀምሩ። ሲጀምር መቆለፊያው ቀጭ ሲል ትሰማላችሁ። ሲያልቅ ሰዓት ያዙ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ ሳቡት።